ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፦ የአንድ ሰዓትና የአንድ ቀን መንገድ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር ሲለካ ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ይህን በአንድ ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል፤ ሆኖም ወደ ቦሌ የሚወስደውን መንገድ፣ ፍተሻውንና ጥበቃውን የሚደምር ሰው ግማሽ ቀኑ እንደሚያልፍ ያውቀዋል።

በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ግን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አገሩ ራሱ ነው፤ በተለይም ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ደጀን ላይ የሚወጣው የዓባይ በረሃ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠማዘዝና ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያወርድ በመሆኑ፣ የጫነ መኪና ከኋላ የተከተለ ሁሉ በእርሱ ፍጥነት ለመሄድ ይገደዳል።

ከዓመታት በፊት በአውቶቡስ ስወርድ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ የፍሬኑ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ ሆዴ ሲታወክ ያዩ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከመቀነታቸው ሎሚ ፈትተው «እንካ ልጄ፣ አሽትተው» አሉኝ። ደጋ ላይ የለበስኩትን ጋቢ ድልድዩ ጋ ስንደርስ አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነበር።

ከደጀን በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚታጠፈው መንገድ አጠር ይላል። እኔ ግን በደብረ ማርቆሱ መሄድን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም፣ አልደብቅም፣ የምሳው ቦታ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሥተን ጣናን ያየነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር።