ኡዞና ውሃው፦ ከቅምሻ መዝገባችን

የቅምሻ መዝገባችን ውስጥ ከጠርሙሱ ይልቅ ብዙ ገጽ የበላው ውሃው ነው። ያው ኡዞ፣ በያው ብርጭቆ፣ የውሃው መጠንና ቅዝቃዜ ሲለያይ ሁለት የማይተዋወቁ መጠጦች ይሆናል። ስለዚህ የዛሬው ማስታወሻ በአብዛኛው ስለ ውሃ ነው።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ። ኡዞ አልኮል ከአኒስ ፍሬ (ሽታው እንስላል የሚመስል ቅመም) ጋር በመዳብ ማንጠሪያ ተፈልቶ የሚወጣ የግሪኮች መጠጥ ነው። ከአኒሱ ጋር እንስላል፣ ድንብላል፣ ኮከብ አኒስ ወይም ከኪዮስ ደሴት የሚመጣው የማስቲካ ዛፍ ሙጫ ሊገባበት ይችላል፤ ቅመሙን እያንዳንዱ ቤት ይደብቃል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ስሙን ለግሪክና ለቆጵሮስ ብቻ ሰጥቶታል። ቀለም የሌለው፣ አልኮሉ ከ37.5 በመቶ ያላነሰ፣ ስኳሩም በሊትር ከ50 ግራም ያልበለጠ መሆን አለበት። (አረቄ የምንለው ቃል ራሱ «ላብ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላየ ሰው ስሙ አይገርመውም።)

በደንቡ ውስጥ ለጠጪው ከሁሉ የምትጠቅመው ቁጥር 20 በመቶ ናት። በጠርሙሱ ካለው አልኮል ከቅመሙ ጋር አብሮ መነጠር ያለበት ቢያንስ ይህን ያህሉ ነው፤ የቀረው ተራ አልኮል ቢሆን ሕጉ አይከለክልም። ስለዚህ መለያው ላይ «100 በመቶ የተነጠረ» የሚል ካለ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲዋጥ ነው። ሙሉ በሙሉ የተነጠረው መዓዛው ከተዋጠ በኋላም አፍ ውስጥ ይቆያል፤ ሌላው መጀመሪያ ላይ ከረሜላ ከረሜላ ብሎ ጉሮሮ ላይ እሳት ብቻ ይተዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ መጀመሪያ የወጣው «ራስ» በደንብ አልተቆረጠም፤ የተቀቀለ አትክልት ወይም የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚወጣው «ጭራ» ገብቶበታል። የሚፈለገው መካከለኛው፣ «ልብ» የሚሉት ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ኡዞ ውሃ ሲነካው ለምን ይነጣል? የአኒስ ሽታና ጣዕም የሚመጣው አኔቶል ከሚባል ዘይት ነው። አኔቶል አልኮል ውስጥ በደንብ ይሟሟል፣ ውሃን ግን አይወድም። የአልኮሉ መጠን ሲወርድ፣ በግምት 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ፣ ዘይቱ መሸሸጊያ ያጣና እጅግ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይበተናል። ወተት የሚያስመስለው ጠብታው ብርሃኑን መበተኑ ነው። የኬሚስትሪ ሰዎች ይህንኑ «የኡዞ ክስተት» ይሉታል፤ መጠጡ ለሳይንሱ ስም አውሷል።

በዓይን ለማየት 40 ሚሊ ሊትር ኡዞ በቀጭን ብርጭቆ ቅዱ፣ ከኋላው ጥቁር ወረቀት አቁሙ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሻይ ማንኪያ (5 ሚሊ) አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ። የመጀመሪያው ማንኪያ ላይ እንደ ጭስ የሚዞር ክር ይታይና ይጠፋል። ሁለተኛው ላይ ክሩ ይወፍራል፣ ቶሎም አይጠፋም። 40 በመቶ በሆነ ኡዞ ሦስተኛው ላይ አልኮሉ ወደ 29 በመቶ ይወርድና ጉሙ ይረጋል፤ ጠርዙ በጥቁሩ ወረቀት ላይ ሰማያዊ ቢጤ ይመስላል። 46 በመቶ በሆነው ግን አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ማንኪያ መጠበቅ አለባችሁ። ልክ ገና እንደደፈረሰ ንጹሕ ኡዞ ጠብ ብታደርጉበት ተመልሶ ይጠራል። ይህን አንዴ ያየ ሰው «ውሃ ያበላሸዋል» የሚለውን ክርክር ይተዋል፤ የተበላሸ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልተመለሰ።

ውሃው ለብ ያለ ከሆነ ጉሙ ይዘገያል፣ ስስም ይሆናል። በቂ ቀዝቃዛ ውሃ ገብቶም ስስ ሆኖ ከቀረ ኡዞው የአኒስ ዘይት ያነሰው ነው። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ሌሎቹ ቅመሞች ጎልተው እንዲወጡ አኒሱን ሆን ብለው የሚቀንሱ አሉ።

ብዙው ስህተት የሚሠራው በረዶ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ኡዞ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ በረዶ ነው። ምክንያቱም ንጹሕ አኔቶል ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በታች ይረጋል። በረዶ በቀጥታ ኡዞው ላይ ሲጣል የነካው ቦታ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዝና ዘይቱ ደቃቅ ጠብታ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይንሳፈፋል። ቅርፊቱ ከንፈር ላይ ሰም ሰም ይላል፤ መዓዛውም እዚያው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ውሃው ቀድሞ ከገባ ጠብታው ቦታውን ይዟል፤ ያኔ አንድ ሁለት ፍሬ በረዶ ጉዳት የለውም።

ጠርሙሱን ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ያስቀመጠ ሰውም የሚገጥመው ያው ነው፦ ሥሩ ላይ የመርፌ ቅርጽ ያለው ነጭ ነገር። አትደንግጡ፣ አትድፉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጨርቅ አታጥልሉት፤ ያጠለላችሁት አኒሱን ራሱን ነው። ክዳኑን አጥብቃችሁ 30 ዲግሪ አካባቢ ባለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ እያገላበጣችሁ እስኪጠራ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ቦታው ፀሐይ የማያገኘው ቁም ሳጥን ነው፤ አኔቶል ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይለወጣል።

መጠኑን በተመለከተ፣ አንድ እጅ ለአንድ እጅ ጥሩ መነሻ ነው። 50 ሚሊ የ40 በመቶ ኡዞ በ50 ሚሊ ውሃ 20 በመቶ ይሆናል፤ በ100 ሚሊ ውሃ 13.3 በመቶ፣ ማለትም ወይን ጠጅ አካባቢ። እኛ የምናደላው ለመጀመሪያው ነው፣ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ሁለተኛው ስለሚጠጋ። ውሃው ሽታ የሌለው ይሁን፤ የክሎሪን ሽታ ካለበት አኒሱ አይሸፍነውም። ማማሰል አያስፈልግም፣ ጉሙ ራሱ ይደባለቃል። ሁለተኛ ዙር ሲቀዳ ደግሞ ብርጭቆው ቢቀየር ይሻላል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው የዘይት ልባስ አዲሱን ያጨማልቀዋል። በሊባኖስ አረቅ የሚሉት የአኒስ መጠጥ ሲጠጣ ለየዙሩ አዲስ ብርጭቆ የሚቀርበው በዚሁ ምክንያት ነው።

በግሪክ ኡዞ ብቻውን አይቀርብም። ካራፋኪ የሚሉት ትንሽ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 200 ሚሊ ይይዛል፤ በ40 በመቶ ሲሰላ 80 ሚሊ ንጹሕ አልኮል ስለሆነ ለሁለት ለሦስት ሰው እንጂ ለአንድ አይደለም። ከጎኑ ሜዜ የሚሉት በትንንሽ ሳሕን ይመጣል፦ የተጠበሰ ኦክቶፐስ፣ ሰርዲን፣ ወይራ፣ ፌታ አይብ፣ ቲማቲምና ኪያር። ጨውና ቅባት የአኒሱን ጣፋጭነት ይሰብራሉ፤ ከጣፋጭ ምግብ ጋር ግን ኡዞ ያቅለሸልሻል። ጉርሻው ቀድሞ፣ ፉት ማለቱ ተከትሎ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ለሚገለብጠው ሰው ከላይ የተጻፈው ሁሉ አይሠራም።

ጠርሙስ ለሚመርጡ፣ በግሪኳ የሌዝቮስ ደሴት ያለችው የፕሎማሪ ከተማ ጥሩ መነሻ ናት። ባርባያኒ ከ1860፣ የኢሲዶሮስ አርቫኒቲስ ኡዞ ፕሎማሪ ከ1894 ጀምሮ የሚሠሩት እዚያ ነው። የአርቫኒቲስ 40 በመቶ፣ የባርባያኒ ሰማያዊው መለያ 46 በመቶ ስለሆነ ጎን ለጎን ለማነጻጸር ይመቻሉ።

ግን ሁለቱን በእኩል ውሃ አታነጻጽሩ። ጠንካራው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል፣ ከዚያ መዝገቡ የአልኮል መዝገብ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም 20 በመቶ ላይ አድርሷቸው፦ የኡዞውን ሚሊ በመቶኛው አባዙ፣ ለ20 አካፍሉ፣ ከውጤቱ የኡዞውን ሚሊ ቀንሱ። ለ40 ሚሊ፣ የመጀመሪያው 40 ሚሊ ውሃ፣ ሁለተኛው 52 ሚሊ ውሃ ይፈልጋል። በረዶ አትጨምሩ፣ የሁለቱም ውሃ ከአንድ ማሰሮ ይቀዳ፣ ብርጭቆዎቹን ሌላ ሰው ያቀያይርላችሁ። መጀመሪያ አሽቱ፣ ከዚያ ፉት በሉ፣ ከዋጣችሁ በኋላ እስከ 20 ቆጥራችሁ አፋችሁ ውስጥ የቀረውን ጻፉ።