የፈረሰ ኮንክሪት ጠጠር ሲሆን

ቤት ሲፈርስ ብሎኬቱም ልስኑም ኮንክሪቱም አንድ ላይ ከተከመረ ነገር ተበላሸ። ከመነሻው ይለዩት፤ በተለይ ጀሶውን። በውስጡ ያለው ሰልፌት ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ያብጥና አዲሱን ኮንክሪት ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ኮንክሪቱን ሰባብረው ፌሮውን ያውጡ፣ በ20 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይንፉት። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ብናኝ በአሸዋ ፈንታ አይጠቀሙበት፤ ውሃ ይጠጣል። ጠጠሩም አሮጌ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) ስለተጣበቀበት ደረቁን ከተቦካ ውሃውን ይመጥና ድብልቁ ገና አካፋ ላይ ሳለ ይደርቃል። ሠራተኛው ያኔ ውሃ ይጨምርበታል፤ ጥንካሬውም አብሮ ይወርዳል። መላው ቀላል ነው፦ ማታ ውሃ አጠጥቶ ማሳደር፣ ጠዋት ላዩ ጠፈፍ ሲል ማቡካት።

ጠጠሩ ለሶሊንግ (ከወለል ሥር ለሚነጠፈው ድንጋይ) እና ለሊን ኮንክሪት (ከመሠረት ሥር ለሚፈሰው፣ ሲሚንቶው ለሳሳው ኮንክሪት) ጥሩ ነው። ለኮለን (ለምሰሶ) እና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል) ግን አልደፍርም። ተቀጥቅጦ የተቃናውን ፌሮም እንዲሁ፤ ታጥፎ በነበረበት ቦታ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።