ስልኩን ያነሳችው እህቱ ነበረች

የምሠራው ማረሚያ ቤት ውስጥ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ ታራሚዎች ጋር ነው። የመፈቻቸው ቀን ሲቃረብ ውጭ ካለ ክሊኒክ ጋር አገናኛቸዋለሁ። ይህንን የምጽፈው እዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ነው፤ እኔ ያጠፋሁትን እንዳትደግሙት።

ሰውየው ሁለት ዓመት ከምናምን ታስሯል። መድኃኒቱን የጀመረውም እዚያው ነው። በቀን አንድ ፍሬ፣ ሳያዛንፍ። የመጨረሻው የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤቱ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ መድረሱን ያሳያል። ወረቀቱን ስሰጠው ሁለት ሦስቴ አነበበው። "እና ሲስተር፣ ባገባ ለሚስቴ አላስተላልፍም ማለት ነው?" አለኝ። "መድኃኒትህን እስካላቋረጥክና ውጤትህ እንዲህ እስከሆነ ድረስ በግንኙነት አታስተላልፍም" አልኩት። ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለመውጫው ሁሉንም ነገር አሰናዳሁ። የ30 ቀን መድኃኒት ሰጠሁት። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱን ዓይነት፣ የጀመረበትን ቀንና የቲቢ ምርመራውን ውጤት ጻፍኩ። ቀጠሮው በወጣ በ5ኛው ቀን ነው። የሚያርፈው እህቱ ቤት ስለሆነና የራሱ ሲም ካርድ ታስሮ ሳለ ስለተዘጋ፣ ስልክ ስጠኝ ስለው የእሷን ቁጥር ሰጠኝ። መዘገብኩት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ቀጠሮው ላይ ይህን ያህል የምንጨነቀው ወደን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ከአሜሪካ ቴክሳስ እስር ቤቶች የወጡ፣ ሕክምና ላይ የነበሩ 2115 ሰዎች ተጠንተው ነበር። በ10 ቀን ውስጥ በማዘዣቸው መድኃኒት ያወጡት 5 በመቶ ያህሉ ናቸው። ሁለት ወር ተጠብቆም 30 በመቶ ብቻ። ግድ ስለሌላቸው አይደለም። ሰው ከእስር ሲወጣ መጀመሪያ የሚያድርበት ያስፈልገዋል፣ መታወቂያው ጠፍቷል፣ ሥራ የለውም፣ ፊቱን የሚያዞርበት ዘመድም አይጠፋም፤ መድኃኒት ከዚህ ሁሉ ኋላ ተሰልፎ ነው ተራ የሚደርሰው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይባዛል።

በቀጠሮው ቀን አልመጣም። በማግስቱ ደወልኩ። ሴት አነሳች። ከጀርባዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

"ከየት ነው?" አለች።

የክሊኒኩን ስም ጠራሁ። ስሙን የሰማ ሁሉ ምን እንደሚታከምበት ያውቃል። እሱም አልበቃኝ፣ "ትናንት ቀጠሮው አልፎታል፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው ወይ ለማለት ነው" ብዬ ጨመርኩ።

ዝም አለች። ቆይታ "የምን መድኃኒት?" አለች። ልጆቹም ዝም ያሉ መሰለኝ። ቶሎ ብዬ "እሱ ሲመጣ ይደውልልን" አልኩና ዘጋሁ። እጄ ግን ከስልኩ ላይ አልነሳ አለኝ። ምን እንዳደረግኩ ገብቶኝ ነበር።

ከ7 ሳምንት በኋላ በገዛ እግሩ መጣ። ከስቷል። እህቱ ያንኑ ማታ ብርጭቆውን ለብቻ አድርጋበታለች። ልጆቿን አጠገቡ አታስደርስም። በብርጭቆ፣ አብሮ በመብላት፣ ልጅ በማቀፍ እንደማይተላለፍ የነገራት ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ወጥቶ ሄደ። መድኃኒቱ ያለበት ቦርሳ እዚያው ቀረ፤ ተመልሶ ለመውሰድ አፈረ።

"ሲስተር፣ እስር ቤት እያለሁ ምስጢሬን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ" አለኝ። "በወጣሁ በሳምንቱ የእህቴ ልጆች ሳይቀሩ አወቁ።"

ይቅርታ ጠየቅኩት። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኩት። ደም ተወሰደ፣ ቫይረሱ ተመልሷል። የዚያኑ ቀን መድኃኒቱን እንደገና ጀመረ። ከ3 ወር በኋላ ሲለካ ወርዶ አገኘነው። ያ ሁሉ ሳምንት ግን በኔ አንድ የስልክ ጥሪ የመጣ ነው፣ ማንም ሌላ አይደለም ያመጣው።

አሁን ስልክ ቁጥር ስቀበል እዚያው ላይ እጠይቃለሁ። ይህን ስልክ ማን ያነሳዋል? ሌላ ሰው ካነሳው ማን ነኝ ልበል? መልእክት ልተው ወይስ አልተው? ቤት ውስጥ የሚያውቅ አለ? የሚሉትን ቃል በቃል እጽፋለሁ፣ የምደውልበትንም ሰዓት እነሱ ይመርጣሉ። ጥያቄውን ደግሞ ለመውጫው ሳምንት አላስቀምጠውም። በተለይ ገና ያልተፈረደበት ሰው ጠዋት ፍርድ ቤት ሄዶ በዚያው ሊለቀቅ ይችላል፤ እኔ የማገኘው ባዶ አልጋውን ነው። ስለዚህ በገባ ሰሞን ነው የምንነጋገረው። ከተፈቀደልኝም የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ አብሬ እሄዳለሁ፣ ቢያንስ ካርድ ክፍሉ መስኮት ድረስ። ብዙዎቹ የሚመለሱት እዚያ መስኮት ላይ "ከየት ነው የመጣኸው?" ሲባሉ ነው።

እህቱን እንዳናግራት ጠይቄው ነበር። እስካሁን አልፈቀደልኝም፣ እኔም አልገፋሁም። ፋይሉ ላይ የእሷ ቁጥር ተሰርዟል። ከአዲሱ ቁጥር ሥር በራሱ እጅ ጽሑፍ "ሌላ ሰው ካነሳ ዝጊው" ይላል።