ፊቱ የእኔ፣ ድምፁ የሷ

የመጀመሪያ ፊልሜ ሲመረቅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ሙዚቃው ገባ፣ እኔም በር ከፍቼ ገባሁ፤ ስክሪኑ ላይ ማለቴ ነው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የአዳራሹን ስፒከር ነው። እህቴ ጠጋ ብላ «ያኔ ጉንፋን ይዞሽ ነበር እንዴ?» ስትለኝ ግን ነገሩ ገባኝ። አብራኝ ያደገች እህቴ ድምፄን ካላወቀችው በቃ፣ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ፊልሙ እስኪያልቅ እጆቼን ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ሰዉ አጨበጨበ።

ያኔ አንድ ሰው «ቆይ፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቂ» ቢለኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቢ ካለሽ አንብቢው።

አገባቤ እንኳን የተለየ ነገር የለውም። አምስት ዓመት መድረክ ላይ ሠራሁ። ኦዲሽን ሄድኩ፣ ወደቅሁ፣ ደግሜ ሄድኩ። ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሁለት መስመር ያላት ነርስ ሆኜ ጀመርኩ፤ ነርሷ ተወደደችና መስመሯ በዛ። ስለ ኦዲሽን ምክር ከፈለግሽ፦ ቃልሽን አጥኚ፣ በሰዓቱ ድረሺ፣ ውጤቱን እየደወልሽ አትጠይቂ። በቃ።

ድራማ ፍጥነት አስተማረኝ። ቀረጻ የታሪኩን ቅደም ተከተል አይከተልም፤ ቦታው በተገኘበት ቀን ነው የሚሠራው። ጠዋት ቀብሬው ከሰዓት በኋላ ያገባሁት ባል አለኝ። ስለዚህ ትንሽ ደብተር ያዝኩ። ኩባያውን በየትኛው እጄ ይዤ ነበር? ከዚህ ትዕይንት በፊት አልቅሻለሁ? ሻርፑ በየት በኩል ወርዶ ነበር? ይህን የምትከታተል ባለሙያ አለች ብለሽ አትተኚ። እሷ የምትጠብቀው የአሥር ሰው ሻርፕ ነው።

እንግዲህ ወደ ፊልሙ።

ከመድረክ ወደ ካሜራ የሚሻገር ሰው ሁሉ አንድ ምክር ይሰጠዋል። «ቀንሺ፣ ካሜራው ቅርብ ነው» ይሉሻል። ለፊት እውነት ነው። መድረክ ላይ ከኋላ ወንበር እንዲታይ የሚነሳ ቅንድብ ክሎዝ አፕ ላይ፣ ፊት ብቻ ስክሪኑን ሲሞላ ማለት ነው፣ ያስቃል። እኔ ግን ድምፄንም ቀነስኩት። ቀንሼ ቀንሼ ሹክሹክታ ላይ ደረስኩ። ጥልቅ ትወና መስሎኝ ነበር። ዳይሬክተሩም ሞኒተሩ ላይ ፊቴን እያየ «ቆንጆ!» ይላል።

ያልተደሰተው ድምፅ የሚቀርጸው ሰውዬ ብቻ ነው። ሄድፎኑን አንገቱ ላይ አውርዶ መጣና «እህቴ፣ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ። ጀነሬተሩ ከአንቺ በላይ ይሰማል» አለኝ። «ዳይሬክተሩ ወዶታል» አልኩት። አሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። የለበስኩት ቀሚስ ደግሞ ሐር ነበር። ትንሿ ማይክ ጨርቁ ሥር ደረቴ ላይ ተለጥፋ በተነፈስኩ ቁጥር ኽሽ ኽሽ ትላለች። የቀኑ ቀረጻ ሲያልቅ «አሥር ደቂቃ ስጪኝ፣ ያለ ካሜራ ቃሉን ብቻ እንቅዳው» ብሎ ለመነኝ። ደክሞኛል፣ ሜካፑ ፊቴን እያሳከከኝ ነው። «ነገ» አልኩት። በነጋታው የቀረጽንበትን ቤት ለባለቤቱ አስረክበው ሌላ ቦታ ሄድን።

እስከዚህ ያለው የራሴ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ውሉን የፈረምኩት መኪና ኮፈን ላይ ነው፤ ልብስ አልባሿ ከኋላዬ ዚፕ እየዘጋችልኝ። ገንዘቡን አየሁ፣ ቀኑን አየሁ፣ ፈረምኩ። አራተኛው ገጽ ላይ ፕሮዲዩሰሩ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የተዋናይዋን ድምፅ በሌላ ሰው ድምፅ መተካት እንደሚችል ተጽፏል። እኔ አራተኛ ገጽ መኖሩንም አላወቅሁም።

ኤዲቲንግ ላይ ድምፄ እንደማይሆን ታወቀ። ይህ የትም የሚያጋጥም ነገር ነው፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው። ተዋናይዋ ስቱዲዮ ገብታ፣ ምስሏን እያየች፣ የከንፈሯን እንቅስቃሴ እየተከተለች ቃሏን ትደግማለች። ለእኔም ተደውሎልኛል፤ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ። ድራማ ቀረጻ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማታ መልሼ ስደውል ያነሳችው ልጅ «እሺ፣ ካስፈለገ እንደውላለን» አለችኝ። አልደወሉም። ሌላ ተዋናይ ቀጥረው በሁለት ቀን ጨረሱት። ምርቃቱ ድረስም ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ፖስተር ላይ ፈርሚልን ሲሉኝ እንኳን።

ከምርቃቱ በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ቢሮ ሄድኩ። «ምን ጎደለብሽ? ተከፍሎሻል፣ ስምሽም ወጥቷል» አለኝ። ውሉን ከመሳቢያ አወጣ። ገጽ አላገላበጠም። በቀጥታ አራተኛውን ገልጦ ጣቱን አንቀጹ ላይ አሳረፈ። ከንግግሩ ይልቅ ያ ጣት ነው ያናደደኝ። ቦታውን ሳያየው ያውቀዋል!

የባሰው የመጣው ቆይቶ ነው። መንገድ ላይ የሚያቆሙኝ ሰዎች «ድምፅሽ እንዴት ያምራል!» ይሉኝ ጀመር። አንድ ዓመት ሙሉ «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ሕግ ያድነኛል ብዬ ያነበብኩበት ጊዜም ነበር። የተዋናዮችን መብት የሚመለከት የቤጂንግ ስምምነት የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጸድቆ በ2020 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 5 ተዋናይ ስሙ እንዲጠቀስለትና ክብሩን የሚነካ ለውጥ ሲደረግ እንዲቃወም መብት ይሰጣል። አንድ ምሽት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ከሥሩ ያለውን የጋራ መግለጫ አነበብኩ። ኤዲቲንግና ዳቢንግ (ድምፅን በሌላ ድምፅ መተካት) የተለመደ አሠራር ስለሆኑ በራሳቸው እንደዚያ ዓይነት ለውጥ አይቆጠሩም ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ አገሮች ቢፈልጉ፣ ተዋናዩ ለመቀረጽ ከተስማማ በኋላ መብቱ ለፕሮዲዩሰሩ እንዲሆን መደንገግ ይችላሉ ይላል፤ ተቃራኒ ውል ከሌለ በስተቀር። «ተቃራኒ ውል ከሌለ በስተቀር» የሚለውን ሦስቴ አሰመርኩበት። ዞሮ ዞሮ ወደዚያች አራተኛ ገጽ ነው የመለሰኝ።

አሜሪካዊቷ ተዋናይ አንዲ ማክዳውል ላይም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የታርዛን ፊልም ላይ ፊቷ አለ፣ የሚናገረው ግን የሌላ ተዋናይ፣ የግሌን ክሎዝ ድምፅ ነው። አነጋገሯ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ሰው ነው ተብሎ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ያገኘ ፊልም ላይ በገዛ ድምፅዋ ዋና ተዋናይ ሆነች። ይህን ሳውቅ በመጠኑ ተጽናናሁ። በመጠኑ ነው ያልኩት።

አሁን ውል ሲመጣልኝ ቤት ወስጄ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። «ይህ የወኪልሽ ሥራ ነው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ወኪልሽ ምርቃቱ ላይ አንቺ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ድምፅ መቀየር ካስፈለገ መጀመሪያ እኔ ልጠራ፣ ጥሪውም በጽሑፍና ከነቀኑ ይሁን፣ በዚያው ቋንቋ ሌላ ሰው የሚገባው እኔ እምቢ ካልኩ ብቻ ነው ብዬ አስጽፋለሁ። ድምፄም ሆነ ምስሌ ያለፈቃዴ በኮምፒውተር እንዳይሠራ የሚል መስመርም ጨምሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ተዋናዮች 118 ቀን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ነበር። «ታስቸግራለች» ተብዬ አንድ ሥራ አጥቻለሁ። ይሁን።

ቀረጻ ቦታ ስደርስ ደግሞ ከዳይሬክተሩ በፊት ሰላም የምለው ድምፅ ቀራጩን ነው። «ሄድፎኑን አንዴ ስጠኝ» እለዋለሁ። ተዋናይ የራሱን ቀረጻ አይይ ይባላል። አትዪው፣ ግን ስሚው።

ድምፅዋን ያዋሰችኝን ልጅ ያገኘኋት ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ ላይ ነው። እሷ ናት መጥታ የነገረችኝ። ልቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። «ትንፋሽሽን ለመከተል ሁለት ቀን ለፍቻለሁ። የት ጋ እንደምትተነፍሺ ከአንቺ በላይ አውቃለሁ» አለችኝ። የሁለት ቀን ተከፍሏታል፤ ስሟ የትም የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 «ማይ ፌር ሌዲ» ፊልም ላይ ለተዋናይዋ ኦድሪ ሄፕበርን የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰንም ስሟ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም ነበር። እኔ ቢያንስ ስሜ አለ። ቁጣዬን የማደርግበት ጠፋኝ፤ እየተሳሳቅን ተለያየን።

ያ ፊልም አሁንም በቴሌቪዥን ይደገማል። ባለፈው ሲመጣ እህቴ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን አጠፋችውና «በይ፣ አንቺው በዪው» አለችኝ። በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ አፌ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ሶፋ ላይ ሆኜ ቃሉን አልኩት። እህቴ ዞራ አየችኝ። ቃሉን ያልኩት ልክ ድምፅዋን እንዳዋሰችኝ ልጅ አድርጌ ነበር።