ለሽሮ ጓደኛ ስፈልግ

ሽሮ አሳ ነው። ስሙን ያወጣችለት ልጄ ናት። ገና ከፕላስቲክ ከረጢቱ ሳይወጣ ቀለሙን አየችና «ሽሮ ይመስላል» አለች፤ በዚያው ጸደቀ። ሆዱ ድብልብል ያለ፣ ጅራቱ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ሲዋኝ ወገቡን የሚሰብቅ ጎልድፊሽ ነው። ፋንቴል የሚባለው ዓይነት። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ከመሀል ከተማ አንድ ጋቢ የሚያስጨምር ብርድ ያለበት።

ሁለት ወር ብቻውን ኖረ። ደህና ነበር። ነገር የጀመረችው እናቴ ናት። ከጎጃም ልትጠይቀን መጥታ ሰነበተች፤ ጠዋት ጠዋት ስኒዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። አንድ ቀን «ኧረ ልጄ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም? ይሄ ፍጥረት ምን በደላችሁ?» አለችኝ። ልጄ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቅዳሜ ጓደኛ ልገዛለት ከተማ ወረድኩ።

አሳ ሻጩ ተጫዋች ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ምንም አትጨነቅ፣ ሁሉም አብሮ ይኖራል» አለኝ። እኔም በቀለም መረጥኩ። አምስት ጋፒ፤ ባለ ብዙ ቀለም፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ። ከዚያ ደግሞ ፕሌኮ የሚባል ጥቁር፣ አፉ ከሆዱ በኩል የሆነ አሳ፤ «መስታወቱን ያጸዳልሃል» ተብዬ። ማጽዳት የሰለቸው ሰው እንዲህ ሲባል አይጠይቅም።

ወሩ ኅዳር ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቴርሞሜትሩ 15 ዲግሪ ይላል። ሽሮ ቁርሱን ይጠብቃል፤ ጋፒዎቹ ግን ክንፋቸውን አጣብቀው ጥግ ላይ ተከማችተዋል። ጋፒ የሞቃት አገር አሳ ነው፤ 24 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ይመቸዋል። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ አሳ ነው፤ እንደ ሽሮ ያለው ከ18 እስከ 23 ገደማ ደስ ይለዋል፣ ትንሽ ሲቀዘቅዝም ይችለዋል። አንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሁለቱን ማስደሰት አይቻልም። ስቆጥር ደግሞ ጋፒዎቹ ሦስት ሆነዋል። የሁለቱን መጨረሻ ሽሮ ያውቃል። ጎልድፊሽ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል፤ ክፋት የለበትም፣ ምግብ መስሎት ነው።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ውሃውን የሚያሞቅ ሂተር ገዛሁ። 25 ላይ አደረግኩት። በማግስቱ ሽሮ ወደ ውሃው አናት ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ለካ ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አሳው ደግሞ ሲሞቀው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳር ካለው፣ ያው የቀይ ባሕሩን ማለቴ ነው፣ በሩብ ገደማ ያንሳል። ማታ መብራት ሲጠፋ ሂተሩም የአየር ፓምፑም አብረው ቆሙ።

የፕሌኮውን ጉድ ያየሁት በዚያው ሌሊት ነው። የሽሮ ነገር አሳስቦኝ በስልኬ ባትሪ ሳበራ፣ ያ «ጽዳት ሠራተኛ» መስታወቱን ትቶ የሽሮ ጎን ላይ ተለጥፏል። ሽሮ እየተንገዳገደ ሊያራግፈው ይሞክራል። ስለያያቸው ጎኑ ላይ የአምስት ሳንቲም ያህል ቦታ ቅርፊቱ ደብዝዞ፣ ዙሪያው ቀልቶ ነበር። አሳ ገላው ላይ የሚያሟልጭ ሽፋን አለው፤ ከበሽታ የሚከልለው እሱ ነው። ፕሌኮ ሲርበው ያንን ይልሳል፤ እንደ ሽሮ ያለ ዘገምተኛ ደግሞ አያመልጠውም። ጠዋት ፕሌኮውንም የተረፉትንም ጋፒዎች ይዤ ወደ ሱቁ። ልጁ ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ ግን ተቀበላቸው።

«እንግዲያው የራሱን ዘር» አልኩና ቀጥሎ ሌላ ጎልድፊሽ ገዛሁ። ኮሜት የሚባለውን፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ጥይት የሚወረወር። ዘሩ አንድ ነው፣ የውሃው ሙቀትም ይስማማል። ግን ማዕድ ላይ አልተስማሙም። ምግብ ስበትን ሽሮ ገና ዞሮ ሳያበቃ ኮሜቱ ጠራርጎ ጨርሷል። ቡፌ ላይ ሳህኑን ቆልሎ የሚመለስ ዘመድ አለ አይደል? እሱ ነው። በአንድ ወር ኮሜቱ ሲያድግ ሽሮ ከሳ። ኮሜት እያደገ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ያነበብኩትም ከገዛሁ በኋላ ነው። ለአንድ ግቢው ውስጥ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ላለው ጎረቤት ሰጠሁት፤ እዚያ ነግሷል።

ከዚህ በኋላ አሳ መግዛት አቁሜ ሳጥኑን አሰብኩ። የመጀመሪያው 70 ሊትር ገደማ ይይዝ ነበር፤ ለአንድ ፋንቴል እንኳ ጠበብ ይላል። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ቶሎ ያልፋል፣ ውሃው ውስጥ አሳን የሚመርዝ አሞኒያ ይጠራቀማል። መስታወት ቤት ሄጄ 80 በ40 በ40 አሠራሁ፤ 128 ሊትር። የድሮውን ፊልተር ከነስፖንጁ አዛወርኩት፤ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ነው ያሉት። በየሳምንቱ ሲሶውን ውሃ እቀይራለሁ፤ ከሮቶ የቀዳሁትን ክሎሪኑ እንዲወጣ ሁለት ቀን ባልዲ ውስጥ ክፍት አሳድሬ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ማጠራቀም ለምደናል፤ ለአሳው እንኳ ጠቀመ።

ሁለተኛውን የመረጥኩት በመጨረሻ ነው። እንደ ሽሮ ፋንቴል፣ በቁመት የሚመጥነው፣ እንደሱ የሚንቀረፈፍ። ቀይ ስለሆነ በርበሬ ተባለ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜ አየሁት፤ ሲበላም፣ ሲዋኝም። ቤት ስገባ አራት ሳምንት ለብቻው ሳፋ ውስጥ አቆየሁት፤ በሽታ ካለበት እዚያው ይታይ ብዬ። እናቴ «አራስ ነው እንዴ?» እያለች ስታልፍ ስታገድም ሳቀችብኝ።

አሁን አብረው መኖር ከጀመሩ ስድስት ወራቸው ነው። ጎን ለጎን አሸዋውን ሲለቅሙ ይውላሉ። ባለፈው ሳምንት ብቻ የበርበሬ ጉንጭ ላይ፣ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ክዳን ላይ ማለቴ ነው፣ ጨው የተነሰነሰ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች አየሁ። ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ልጨምር ጠርሙሱን ከፍቼ ነበር። ግን ነጥቦቹ ስንጥቡና የፊት ክንፎቹ ላይ ብቻ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ሌላው ገላው ንጹሕ ነው። ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ የሚያወጣቸው ናቸው። ሽሮን ሲያሳድድ የሚውለውም ለዚህ ኖሯል። ሽሮ ሴት ሳትሆን አትቀርም።

እንቁላል ቢኖር ራሳቸው እንደሚበሉት ለልጄ አልነገርኳትም። እሷ ከወዲሁ ስም እያወጣች ነው፤ ምጥን፣ ድልህ፣ አዋዜ።