ሳልጠጣ የሰከርኩበት ዓመት

የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሸዋ በር ያደግኩ። በሕይወቴ አረቄ ቀምሼ አላውቅም። ይህን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ ለንደን ውስጥ የአንድ ሱቅ ጥበቃ «ጠጥተሃል፣ ውጣ» ብሎ ክንዴን ይዞ ሲያስወጣኝ ምን እንደተሰማኝ እንዲገባችሁ ነው። ቃል ጠፍቶኝ እየተንተባተብኩ፣ መብራቱ ዓይኔን ወግቶት ግድግዳ ተደግፌ ነበር። አይፈረድበትም፣ ለሚያየኝ ሰካራም ነበርኩ።

ሥራዬ በሳይክል ምግብ ማድረስ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ፣ ማታ፣ ከቆመ መኪና ውስጥ አንዱ ዞር ብሎ ሳያይ በሩን ከፈተው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው። ሄልሜቴ ተሰንጥቋል። ሐኪሞች ራሱን የተመታ ሰው ምን ያህል እንደነቃ ከ3 እስከ 15 ባለው ነጥብ ይለካሉ፤ እኔ ስገባ 11 ነበርኩ፣ «መካከለኛ» የሚሉት። ዘጠኝ ቀን ተኝቼ፣ እጅና እግሬ ደህና ስለነበር አንዲት ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ወረቀቷን አላነበብኳትም። ማንበብ ራሱ ያዞረኝ ነበር።

ያገሬ ልጆች «እንኳን ተረፍክ» እያሉ ቤቱን ሞሉት። እኔ ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ የማንንም አልሰማ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ወፍጮ ቤት የተከፈተ ይመስለኛል። እናቴ ደውላ «አብሽር ልጄ፣ ወዳጃ ተቀምጠን ዱኣ እያደረግንልህ ነው» ስትለኝ ጮህኩባት። በእናቴ ላይ! ስልኩንም ዘጋሁባት። እሷም ለእህቴ «ልጄን የሰው ዓይን በልቶታል» አለቻት።

አንድ ቀን ሽሮ ጥጄ እዚያው አጠገቡ ተቀምጫለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከውጭ ሲገባ ቤቱ በጢስ ታፍኗል፣ ሽሮው ከድስቱ ጋር ከስሏል፣ እኔ ስልኬን እየነካካሁ ነው። ምንም አልሸተተኝም። ጂፒው፣ ማለትም የሰፈሩ ሐኪም ጋ፣ ጎትቶ የወሰደኝ እሱ ነው፤ ከሆስፒታል በወጣሁ በአራተኛው ወር። እዚያ ያለችው ነርስ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። የሽታ ነርቮች ከአፍንጫ በላይ ያለውን አጥንት እንደ ወንፊት በተበሳሳ ቀዳዳ ያልፋሉ፣ አንጎል ሲናወጥ እነዚያ ክሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። ቁጣውም፣ ድካሙም፣ መርሳቱም ከዚያው አደጋ የመጣ ነው አለችኝ። አለቀስኩ። የማለቅሰው ደግሞ ከደስታ ነበር፤ እያበድኩ ነው ብዬ ነበራ።

ነርሷ ከላከችኝ ባለሙያዎች አንዷ ስፒች ቴራፒስት፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ ነበረች። «አፌ ደህና ነው፣ ምን ታደርግልኛለች» ብዬ ልቀር ምንም አልቀረኝም። ለካ እነሱ የሚያክሙት ምላስ ብቻ አይደለም፤ ማስታወስ፣ ልብን ሰብስቦ ማዳመጥ፣ የጠፋ ቃል መፈለግም የእነሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ የሰጠችኝ ፈተና በአንድ ደቂቃ የቻልኩትን ያህል የእንስሳ ስም መጥራት ነበር። በእንግሊዝኛ ስድስት ላይ ደርቄ ቀረሁ። አስተርጓሚዋ የወልዲያ ልጅ ናት፤ «በአማርኛ ይሞክር» አለቻት። ዓይኔን ጨፈንኩ። የባቲ ሰኞ ገበያ ውስጥ ገባሁ። ግመል፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ፍየል፣ ሙክት፣ ጊደር፣ ወይፈን... አፋሮቹን በስተግራ ትቼ ወደ ዶሮ ተራ ስታጠፍ ሰዓቱ አለቀ። አሥራ ዘጠኝ! አስተርጓሚዋ «ወይፈንና ጊደር ተለይተው ይቆጠራሉ» ብላ ተከራከረችልኝ። ቴራፒስቷ ስቃ ጻፈችው። ስደት ላይ ያላችሁ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብላችሁ አስተርጓሚ አትመልሱ።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮን እንደገና የምታለማምደው ባለሙያ፣ ደግሞ ጉልበቴን እንደ ሞባይል ካርድ እንድቆጥብ አስተማረችኝ። ጠዋት ገበያ ከሄድኩ ከሰዓት እንግዳ የለም። ሳይደክመኝ በፊት ማረፍ፣ ሁሉን ደብተር ላይ መጻፍ፣ ምድጃ ስለኩስ ሰዓት መሙላት፣ ቤት ውስጥ የጢስ ደወል። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ለመልመድ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ስለ ሄድዌይ የነገረችኝም እሷ ናት። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችንና ቤተሰባቸውን የሚረዳ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ነፃ የስልክ መስመርም አለው። ማክሰኞ ማክሰኞ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረ፣ አንዲት አስተማሪ፣ ከደረጃ የወደቀች ወጣት። እዚያ «ደህና ትመስላለህ» የሚል ሰው የለም። ፎቶዬ ያለበት፣ የአንጎል ጉዳት እንዳለብኝና ምን እንደሚያስቸግረኝ የሚናገር መታወቂያም አወጡልኝ። ያ ሱቅ ተመልሼ ገብቼ ነበር፣ ካርዴን ኪሴ ይዤ። ጥበቃው ተቀይሯል።

ባለፈው ክረምት ደሴ ገባሁ። እናቴ እንግዳው በዝቶ ፊቴ ሲለወጥ ካየች «ልጄ ይረፍ» ብላ ወደ ጓዳ ታስገባኛለች፣ መጋረጃውን ስባ በር ላይ ትቀመጣለች። በወሎ ቤት ቡና ተፈልቶ እንግዳ ጥሎ መነሣት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለተኛውን ለቀሩት ቀድታ ትሰጣለች፣ የእኔን ጓዳ ድረስ ታመጣልኛለች።

ጎረቤታችን ዓረብ አገር ከርሞ የተመለሰ ልጅ አላት። ጅዳ ውስጥ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ወድቆ ነው የመጣው። ቀን ቀን ይተኛል፣ ሲነቃ ይቆጣል፤ ሰፈሩ «ጫት ነው ያበላሸው» ይላል፣ እሷ ጠበልም ሼኽም ጋ አድርሳዋለች። ግቢያቸው ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እናትየዋ ቡና እየቆላች ነው።

«ይሸትሃል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ በምን አወቅክ?»

አብረን ሆስፒታል ሄድን፤ ያገኘነው ፊዚዮቴራፒስት ነው፣ ሚዛኑን እየሠራለት ነው። የቀረውን የማውቀውን ያህል እኔ አሳየሁት። ደብተር ገዛንለት። ከመመለሴ በፊት በነበረው ማታ ስልኬ ላይ አንድ ደቂቃ ሞላሁና «እንስሳ ጥራ» አልኩት። እናቱ ሙሰበሃዋን ይዛ በፍሬ በፍሬ ትቆጥርለታለች።

«ግመል» ብሎ ጀመረ።