ከይፍቱኝ በፊት የመለስሁት ገንዘብ

ታናሽ እኅቴ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ በሠራችባቸው ዓመታት፣ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ እንድገዛላት በየጊዜው ገንዘብ ትልክልኝ ነበር። ከዚያ ውስጥ 60 ሺህ ብር ለራሴ ጉዳይ አዋልሁና ለተለያየ ወጪ የሄደ አስመስዬ ዋሸኋት። ከተመለሰች በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ብቻ በበዓል ዶሮዋን የሚያርድላት የጎረቤት ልጅ ሆነ። እኔም ዝምታዋን እንደ ይቅርታ ቆጥሬ ስድስት ዓመት ኖርሁ።

በእነዚያ ዓመታት ንስሐ አልገባሁም ማለት አይደለም። በየዐቢይ ጾሙ የንስሐ አባቴ ዘንድ ቀርቤ «በገንዘብ በድያለሁ» እል ነበር፤ ይህች ጥቅል ቃል ግን መሸሸጊያዬ ነበረች። በአንደኛው ዓመት አባ ቀና ብለው፣ «የማንን ገንዘብ ነው ልጄ? ስንት ነው?» አሉኝ። መጠኑን ስናገር ድምፄ ተቆራረጠ። ኀጢአቴን በስሙና በልኩ የጠራሁት ያን ቀን ነው።

የንስሐ አባት የሚያዝዘው ቀኖና ጾምና ስግደት ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዘኍልቍ 5፥7ን አስታወሱኝ፤ የበደለ ሰው የወሰደውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል፣ የሚሰጠውም ለተበደለው ሰው ነው። «60ውን መልስ፣ 12 ሺህ ጨምርበት፤ ማታ ማታም መዝሙር 50ን እየደገምህ ስገድ» አሉኝ። እኔም ከልቤ ግራ ተጋብቼ፣ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ካሳዬን ከፍሎልኝ የለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «እርሱ በደሙ የካሰልህ አንተ ከቶ ልትከፍለው የማትችለውን ነው። ይህን ግን ትችላለህ። የእኅትህን ገንዘብ እንደያዝህ ደሙን ልትቀበል ነው?»

ይህ መልስ ለወራት አብሮኝ ዋለ፣ አደረም። በቋንቋችን ሰው ለበደለው ሰው የሚከፍለውም፣ ጌታ በቀራንዮ ለዓለም የፈጸመውም ካሳ ይባላል፤ እኔ ደግሞ በሁለተኛው እየተመካሁ ከመጀመሪያው እሸሽ ነበር። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ብሩንና ስግደቱን የይቅርታ ዋጋ አድርጎ መቁጠር። በሉቃስ 19 ጌታ ዘኬዎስን በቤትህ ልውል ይገባኛል ያለው ዘኬዎስ ገና አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይመልስ ነው፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ፣ በደስታ ከተቀበለው ልብ የወጣ ነው። ቀኖና የቍስል መድኃኒት እንጂ የምሕረት ግዢ አለመሆኑን የተረዳሁት ከዚህ ታሪክ ነው።

ወደ እኅቴ ቤት የሄድሁት በጾሙ በአንዱ ቅዳሜ ነበር። ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ስነግራት ጣቷ ምስሩ ላይ ቆመ። «አውቅ ነበር ጋሼ» አለች። ያን ጊዜ የልጆቼን ሕመም፣ የሥራዬን መቀዝቀዝ መዘርዘር ስጀምር እንደገና ምስሯን መልቀም ቀጠለች፤ ምክንያቴን ሁሉ ተሸክማ እንድታዝንልኝ እየጠየቅኋት መሆኔ ገባኝና ዝም አልሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከሁሉ ይበልጥ የምጸጸተው በዚያች ደቂቃ ነው።

በየወሩ 6 ሺህ ብር እየወሰድሁ በ12 ወር ጨረስሁ። የመጨረሻውን ሰጥቼ «ይቅር በይኝ» ብዬ ከእግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ገንዘቡን ተቀብያለሁ፤ ሌላውን ግን አታጣድፈኝ» አለች። ልቤ ተሰበረ፤ ነገር ግን እውነቷን ነበር። ይቅር ማለት ይቅር፣ ይተው ማለት ነው፤ የሚተወውም የተበደለው ሰው እንጂ የበደለው አይደለም።

ለአባ ስነግራቸው ሮሜ 12፥18ን ጠቀሱልኝ፤ የሚጠበቅብኝ በእኔ በኩል ያለው ሰላም ነው። «የአንተን ፈጽመሃል፤ የእሷን ለእሷ ተውላት፣ ጸልይላት» ብለው መስቀላቸውን ራሴ ላይ አድርገው ፈቱኝ፤ ለቅዱስ ቍርባንም እንድዘጋጅ ነገሩኝ። በዚያው ዓመት ስቅለት ከጧት ጀምሮ ስሰግድ ውዬ፣ በሠርክ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ጠበጠቡኝ።

በማግሥቱ፣ በቀዳም ሥዑር ወደ ማታ ስልኬ ጮኸ። እኅቴ ናት። «ጋሼ፣ ዶሮዋን የሚያርድልኝ ሰው የለም፤ ትመጣለህ?»

ቢላዬን ስዬ ሄድሁ።